ስለ ጋሞ ደጋና ስለ አርባ ምንጭ ታሪካዊ ቤቶች

የአንድን አገር ታሪክ ለማወቅ የሚሻ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሕንፃዎቹ ነው። ወደ አክሱም የሄደ ሐውልቱን፣ ወደ ላሊበላ የወጣ ከአለት የተፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት፣ ጎንደር የገባም የነገሥታቱን ግንብ አይቶ ይመለሳል። የአባቶችንም ጥበብ አድንቆ ያየውን ለወዳጆቹ ያወራል፤ ይህም የሚገባ ነው። ነገር ግን ይኸው ሰው ለሥራ ጉዳይ ወይም ለዕረፍት ወደ አርባ ምንጭ በመጣ ጊዜ፣ ከሴቻ አፋፍ ላይ ቆሞ ሁለቱን ሐይቆች ተመልክቶ ከጠገበ በኋላ፣ «ተፈጥሮውስ እጅግ ያማረ ነው፤ ታሪካዊ ሕንፃችሁ ግን የት ነው?» ሲል ይጠይቃል። በመንግሥት ሥራ ላይ የምንገኝና እንግዳ ተቀብሎ አገር ማሳየት አንዳንድ ጊዜ የሚደርሰን እኛ፣ ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ቀርቦልናል።

መልሱ አጭር አይደለም። በጋሞ ምድር ታሪክ ያለው ቤት ሞልቷል፤ ዳሩ ግን አብዛኛው በድንጋይና በኖራ የተሠራ ስላልሆነ ግንብ ማየት የለመደ ዓይን አጠገቡ ደርሶ እንኳ ያልፈዋል። አንዳንዱ ዋሻ ነው። አንዳንዱ ዛፍ የከበበው መስክ ነው። አንዳንዱም ከቀርከሃ የተሸመነ፣ ሰዎች በትከሻቸው ተሸክመው ከቦታ ወደ ቦታ ሊያዛውሩት የሚችሉት ቤት ነው። ስለ እነዚህ ሁሉ በቅደም ተከተል ለመናገር እንሞክራለን፤ በቀርከሃው ቤት ላይ ግን ጥቂት ዘግየት ማለታችንን አንባቢ እንዲታገሠን እንለምናለን፤ የነገራችን ፍሬ እርሱ ነውና።

የከተማው ስም የመጣው ከውኃ ነው። ከአፋፉ ሥር፣ ዋርካና ሾላ ጥላ ባጠሉበት ደን ውስጥ ብዙ ምንጮች ይፈልቃሉ፤ «አርባ» መባሉም ቁጥሩን በትክክል ለመስፈር ሳይሆን ብዛቱን ለመግለጽ ነው። የከተማው ሕዝብ ሲጠጣው የኖረው ውኃ ከእነዚህ ምንጮች የተሳበ ነው። በስተ ሰሜን የሚታየው ቀላ ያለው ሐይቅ አባያ፣ በስተ ደቡብ ያለውና ሰማያዊ የሚመስለው ጫሞ ነው። የአባያ ውኃ መቅላቱ በውስጡ ከሚንሳፈፈው ደለል የተነሣ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ከፍተኛ የመሬት ጅማት ሕዝቡ የእግዜር ድልድይ ይለዋል። ከድልድዩም ወዲያ ስሙን ከሣሩ ንጣት ያገኘው የነጭ ሣር ሜዳ ይዘረጋል። ምንጮቹን፣ ድልድዩን፣ ሜዳውንና የሐይቆቹን ከፊል የሚያጠቃልለው 514 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነ ቦታ በ1966 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ተከለለ።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናግባ። እ.ኤ.አ. ከ1895 እስከ 1897 ድረስ በዚህ አገር የተዘዋወረው ኢጣልያዊው ቪቶሪዮ ቦጤጎ፣ ነዋሪው አባያ የሚለውን ሐይቅ በንግሥቱ ስም «ማርጌሪታ»፣ ጫሞንም በእርሱ ፊት በመጣው በመስፍኑ በኤውጄኒዮ ሩስፖሊ ስም «ሩስፖሊ» ብሎ በካርታ ላይ ጻፋቸው። ሩስፖሊ እ.ኤ.አ. በ1893 ከዚሁ በስተ ደቡብ ባለው አገር ዝሆን ገድሎት የቀረ ሰው ነው። እነዚህ ስሞች በውጭ አገር ካርታዎች ላይ ለብዙ ዘመን ቆዩ፤ ዓሣ አጥማጁ ግን አንድም ቀን አልጠራቸውም። ካርታና አገር የማይገናኙበት ጊዜ መኖሩን ከዚህ በኋላም እናየዋለን።

ወደ ቤቶቹ እንመለስ፤ ከሁሉ ከሚቀድመው እንጀምር። በጋሞ ደጋ ሞታ የሚባል ዋሻ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ከአሜሪካ የመጡ የአርኪዮሎጂ ሊቃውንት፣ የአገሩ ሽማግሌዎች እየመሯቸው፣ የዋሻውን ወለል ቆፍረው ከድንጋይ ክምር ሥር የተቀበረ የአንድ ወንድ ሰው አፅም አገኙ። ሲመረመርም ሰውየው ከተቀበረ 4,500 ዓመት ያህል ሆኖታል። ይህም ማለት የግብፅ ታላላቅ ፒራሚዶች በሚሠሩበት ዘመን አካባቢ፣ በጋሞ ደጋ አንድ ሰው ሞቶ፣ ወገኖቹ ድንጋይ ደርድረው በክብር ቀብረውት ነበር ማለት ነው። የዋሻው ቅዝቃዜ አጥንቱን በደህና ስላቆየው ሊቃውንቱ ከጆሮው አጠገብ ካለው ጠንካራ አጥንት ዲ.ኤን.ኤ. ለማውጣት ቻሉ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። ከአፍሪካ ምድር ከተገኘ ጥንታዊ ሰው ሙሉው የዘር ጽሑፍ ሲነበብ ይህ የመጀመሪያው ነበረ። በዘርም ከዛሬ ሕዝቦች ሁሉ ይልቅ በደቡብ ኦሞ ለሚኖሩት ለአሪ ሰዎች የሚቀርብ ሆኖ ተገኘ። ስሙንም ባይራ አሉት፤ በጋሞኛ በኵር ማለት ነው። ስም ያወጡለት በአገሩ ቋንቋ በመሆኑ ከቦጤጎ ይልቅ እነዚህን እናመሰግናለን።

ከዋሻው ቀጥሎ በዘመን የሚመጣው ብርብር ማርያም ነው። ይህ ቤተ ክርስቲያን ከአባያ ሐይቅ በስተ ምዕራብ በኩል ከፍ ባለው ምድር ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ የአገሩ ሽማግሌዎች ከግራኝ አሕመድ ዘመን አስቀድሞ የነበረ መሆኑን ከአባቶቻቸው ተቀብለው ይናገራሉ። የጋሞ ስም በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ለነገሠው ለአፄ ይስሐቅ በተዘመረው ውዳሴ ውስጥ ከገባሪ አገሮች ጋር ተጠቅሶ የሚገኝ በመሆኑ፣ የሽማግሌዎቹ ቃል ያለ ምክንያት የተነገረ አይደለም። ከ16ኛው መቶ ዓመት ጦርነትና ፍልሰት በኋላ ግን ይህ አገር ከሰሜኑ መንግሥት ተቆርጦ ለሦስት መቶ ዓመት ያህል ብቻውን ኖረ። ጀርመናዊው ሊቅ ኤይክ ሀበርላንድ በዚህ ነገር ላይ ብዙ ደክሞ፣ የክርስቲያኑ መንግሥት በደቡብ ኢትዮጵያ የተወውን ምልክት የሚመለከት ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ1964 አውጥቷል። ከካህናት መምጣትና ከመጻሕፍት ተለይቶ የኖረ ሕዝብ፣ የመስቀልን በዓል ሳይረሳ ከዘመን ዘመን ማሻገሩ የሚያስደንቅ ነው። ዛሬም በጋሞ ከበዓላት ሁሉ ታላቁ መስቀል ነው፤ «ዮ መስቀላ» እየተባለ የዓመቱ መለወጫ ሆኖ ይከበራል፤ በአዲስ አበባ ሸማ ሲሠራ የከረመው ሁሉ በዚያ ሰሞን ወደ አገሩ ይገባል። በብርብር ቤቱ ብዙ ጊዜ ታድሷል፤ የቆየው ቦታውና ስሙ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምንጠቅሰው ጣሪያም ግድግዳም የሌለው ነው። የጋሞ ደጋ በቀድሞ ዘመን በአንድ ንጉሥ ሥር አልነበረም። ከ40 የማያንሱ «ደሬ» የሚባሉ አገሮች ነበሩ፤ በየደሬው ስለ ምድሩና ስለ ሕዝቡ መሥዋዕት የሚያቀርብ «ካዎ» ቢኖርም፣ የአገሩ ጉዳይ የሚቆረጠው «ዱቡሻ» በሚባለው ሸንጎ ላይ ነበር። ዱቡሻ የሸንጎውም የቦታውም ስም ነው። ብዙውን ጊዜ ከፍ ብሎ የሚታይ፣ ሣር የለበሰ፣ ትልልቅ ዛፎች የከበቡት መስክ ነው። በዚያ ዛፍ መቁረጥ ነውር ነው፤ የተከለከለውን ያደረገ ሰው «ጎሜ» አለበት ይባላልና፣ ጎሜ ያለበትም በእርሱ፣ በልጆቹና በከብቱ ላይ ክፉ እንዳይደርስ ጥፋቱን በአደባባይ መናዘዝ ይገባዋል። ዛሬ በጋሞ ተራሮች ላይ የአገር በቀል ዛፍ ቅሪት ለማግኘት የሚሻ የደን ሊቅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደነዚህ የተከበሩ ቦታዎች መሆኑ ከዚህ የተነሣ ነው።

ከዱቡሻዎቹ ሁሉ በውጭ አገር እንኳ የታወቀው የኦቾሎ ነው። ኦቾሎ ከአባያ ሐይቅ በላይ በገደላማ አለት ላይ የተቀመጠ አገር ነው። ፈረንሳዊው ማርክ አቤሌስ በዚያ ተቀምጦ የሸንጎውን ሥርዓት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1983 አንድ መጽሐፍ አሳተመ። በሸንጎው ነገር ከመጀመሩ አስቀድሞ ይመረቃል፤ ከዚያ በኋላ ተናጋሪው በተራው እየተነሣ ይናገራል፤ ሸንጎው እስኪስማማም ድረስ ጉዳዩ ከቀን ወደ ቀን ይተላለፋል። በትምህርት ቤት ስለ አቴና ሸንጎ ስንማር ምሳሌው ከቤታችን አጠገብ መኖሩን የነገረን አልነበረም። ሆኖም ነገሩን ከመጠን በላይ ማሳመር አይገባም። በቀድሞው ሥርዓት ሴቶች በዱቡሻ አይናገሩም ነበር፤ ሸክላ ሠሪዎቹ «ማና» እና ቆዳ ፋቂዎቹ «ደጋላ» እንደ ዜጋ አይቆጠሩም ነበር። የአቴናም ሸንጎ ሴቶችንና ባሮችን እንዲሁ ያገለለ ስለ ነበረ፣ ምሳሌው በዚህም በኩል ይገጥማል።

አሁን ወደ ዶርዜ ቤት እንምጣ። ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚወጣው መንገድ እየተጠማዘዘ ከሙቀት ወደ ጉም ያደርሳል። በ37 ኪሎ ሜትር ውስጥ መንገደኛው ከ1,300 ሜትር ከፍታ እስከ 2,700 ሜትር ድረስ ይወጣል። ሙዙ ያልቅና እንሰቱ፣ ገብሱና ቀርከሃው ይጀምራል። የዶርዜ ሰዎች መኖሪያ በዚህ ነው። በእንሰቱ መካከል ረጅም፣ ክብ፣ አናቱ ሾጠጥ ያለ ቤት ብቅ ይላል፤ ከፊቱም አፍንጫ የመሰለ መግቢያ ወጥቶለታል። ከመግቢያው በላይም ግራና ቀኝ ዓይን የሚመስሉ ቀዳዳዎች ሊኖሩት ይችላሉ። ያየው ሁሉ «ዝሆን ይመስላል» ይላል፤ የአገሩም ሰዎች ይህንን አይክዱም፤ በአካባቢው ዝሆን በነበረ ጊዜ ከእርሱ የተወሰደ አምሳል ነው ይላሉ። መስፍን ሩስፖሊ የሞተበትን ሁኔታ ለሚያስታውስ፣ ዝሆን በዚህ አገር መኖሩ ምስክር የሚያሻው አይደለም።

ቤቱ የሚሠራው እንዲህ ነው። ቀርከሃው ተቆርጦ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም እንደ ድርና እንደ ማግ እየተላለፈ፣ ከመሬት ተነሥቶ እስከ ጉልላቱ ድረስ ይሸመናል። ከዚያ በኋላ የቀርከሃ ቅርፊትና የእንሰት ቅጠል ተደራርቦ ይለብሳል። አዲስ ሲሆን ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ይህም ከሦስት ፎቅ ሕንፃ ጋር የሚስተካከል ነው። በውስጡ አንድ ምድጃ አለ፤ ጢሱ በልባሱ መካከል እያለፈ ሲወጣ ቀርከሃውን ያጠቁረዋል፣ ያደርቀዋል፣ ከነቀዝም ይጠብቀዋል። ከብቶቹ በአንድ ወገን ታስረው ያድራሉ፤ ትንፋሻቸውም ለደጋው ብርድ ይረዳል። በአፍንጫው ውስጥ እንግዳ የሚቀመጥበት መደብ ይዘጋጃል። የዶርዜ ሰው በመላ ኢትዮጵያ የታወቀው በሽመናው ነው፤ በአዲስ አበባ በሽሮ ሜዳና በጉለሌ የተሠሩትን ነጠላና ጋቢ ያልለበሰ የለም። እኛ እንደሚመስለን ይህ ሕዝብ ልብሱን በሚሠራበት አእምሮ ቤቱን ሠርቷል።

የቤቱ ጠላት ምስጥ ነው። ምስጥ ከመሬት እየወጣ የቀርከሃውን እግር ይበላል። የበሰበሰውና የተበላው እግር ተቆርጦ ሲጣል ቤቱ ያንኑ ያህል ወደ መሬት ይወርዳል። እንዲህ እየሆነ ቤቱ በየዘመኑ ያጥራል፤ ሆኖም እስከ 60 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊኖር ይችላል። ምስጡ በአንድ ቦታ ከበረታ ወይም ባለቤቱ ስፍራ ለመለወጥ ከፈለገ፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ እንጨት በቤቱ ሥር ተላልፎ፣ ቤቱ እንዳለ ከመሬት ተነሥቶ በሰዎች ትከሻ ወደ አዲሱ ቦታ ይወሰዳል።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቅጽ ማንሣት ግድ ሆነብን። ሥራችን ከወረቀት ጋር ስለሆነ፣ የመኖሪያ ቤት መመዝገቢያ ቅጽ በየጊዜው በእጃችን ያልፋል። ቅጹ በመጀመሪያ «ግድግዳው ከምን የተሠራ ነው?» ይላል፤ ቀጥሎም «ጣሪያውስ?» ይላል። በዶርዜ ቤት ግን ግድግዳው የት አልቆ ጣሪያው የት እንደሚጀምር ሊያመለክት የሚችል ሰው የለም፤ ሁለቱ አንድ ሽመና ናቸውና። መዝጋቢውም ሲቸግረው «ሌላ» የሚለውን ይመርጣል። «ሌላ» ተብሎ የተመዘገበ ቤት ከጎጆም፣ ከዳስም፣ ከፈረሰ ቤትም ጋር አብሮ ይደመርና፣ በመጨረሻ ላይ በድምር ሰሌዳው ውስጥ ይጠፋል። ይህን የምንለው ቅጹን ያዘጋጁትን ለመንቀፍ አይደለም፤ ቅጽ ለሁሉ አገር አንድ ሆኖ መዘጋጀት አለበት። ነገር ግን ከመቶ ዓመት በኋላ የዚህን ዘመን መዝገብ ገልጦ የሚያነብ የታሪክ ተማሪ፣ በጋሞ ደጋ እንዲህ ያለ ቤት መኖሩን ከዚያ ሰሌዳ ሊያውቅ አይችልም። ቦጤጎ በካርታው ላይ አባያን እንዳጣው፣ ይህም ተማሪ ቤቱን ያጣዋል ማለት ነው።

የመንግሥት ሕንፃዎች ታሪክ ከዚህ ይልቅ አጭር ነው፤ ስለዚህ ፈጠን ብለን እናልፈዋለን። በ1890 ዓ.ም. አካባቢ የዳግማዊ ምኒልክ ጦር የጋሞን ደጋ ከያዘ በኋላ ጨንቻ የአገረ ገዢ መቀመጫ ሆነች። ለዚያ ዘመን ገዢና ወታደር ከፍታው ለጥበቃ፣ ብርዱም ለጤና የሚስማማ ነበር፤ ቆላው ወባ ስለነበረበት ደገኛው ወርዶ ለማደር ይፈራ ነበር። ከጠላት ወረራ በኋላ ጋሙ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ሲሆን መናገሻው ያችው ጨንቻ ሆነች። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ግን፣ ደጃዝማች አእምሮ ሥላሴ አበበ አገረ ገዢ ሳሉ፣ መቀመጫው ከተራራው ወርዶ በሐይቆቹ አጠገብ አርባ ምንጭ ተቈረቈረች። ጽሕፈት ቤቶቹ በላይ በሴቻ፣ ገበያውና ንግዱ በታች በሲቀላ ሆኑ፤ በመካከላቸውም 4 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። እንግዳ የሚያርፍበት የበቀለ ሞላ ሆቴልም ሁለቱ ሐይቆች በሚታዩበት በሴቻ አፋፍ ላይ ተሠራ፤ የዚያን ዘመን መንገደኛ ከስምጥ ሸለቆ ሆቴሎች ሁሉ ይልቅ ስለዚህ አወራ።

ከተማዪቱ በዕድሜዋ ትንሽ ብትሆንም የተቀበለችው የአስተዳደር ስም ብዙ ነው። የጋሙ ጎፋ ዋና ከተማ ነበረች፤ በኋላም የሰሜን ኦሞ ዞን፣ ቀጥሎ የጋሞ ጎፋ ዞን መቀመጫ ሆነች፤ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የጋሞ ዞን መቀመጫ ናት። በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ደግሞ የክልሉ ምክር ቤት መቀመጫ ተባለች። በ1979 ዓ.ም. የተከፈተው የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በየጊዜው ማኅተሙ ሲለወጥ ሕንፃው ያው ነው፤ በደጋው ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ቤቱ ሲታደስ ሥርዓቱ ያው ነው። ጨንቻ መቀመጫነቷን ካጣች በኋላ መዝገቡም፣ ሹሙም፣ ነጋዴውም አብሮ ወረደ። ከፍ ያለ ስም የነበራት ከተማ በአንድ ትውልድ ውስጥ የወረዳ ከተማ ሆነች። የቀድሞው የአስተዳደር ቤቶች ታሪክ በጽሑፍ ሳይሰበሰብ በዚያ ያገለገሉት አባቶች አንድ በአንድ እያለፉ ናቸው።

በአርባ ምንጭ ከተማ ውስጥ ስለ አንድ ሕንፃ ግን ሳንናገር አናልፍም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአዲስ አበባ ዙሪያ በተነሣው ሁከት ብዙ የጋሞ ተወላጆች ተገደሉ፤ ብዙዎችም ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ወሬው አርባ ምንጭ በደረሰ ጊዜ ወጣቶች በቁጣ ወጥተው፣ በደሉን ሊበቀሉ ወደ አንድ ባንክ ቅርንጫፍና ወደ ሌሎች ንብረቶች አመሩ። በዚህ ጊዜ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በመንገዱ ላይ በወጣቶቹ ፊት ተንበረከኩ። በጋሞ ሥርዓት እርጥብ ሣር የእርቅ ምልክት ነው፤ ሣር ይዞ የተንበረከከን አባት ተራምዶ ማለፍ ጎሜ ነው። ወጣቶቹም ሐዘናቸውን ይዘው ተመለሱ፤ ሕንፃውም ሳይነካ ቀረ። የአስፋልቱ መንገድ የዚያን ዕለት ዱቡሻ ሆነ። ባንክ ቤቱ እንደ ማንኛውም የዘመናችን ሕንፃ ብሎኬትና መስተዋት ነው፤ ከሥራው ውበት የተነሣ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። እኛ ግን ከታሪካዊ ቤቶች ቁጥር እናስገባዋለን፤ ቤትን ታሪካዊ የሚያደርገው በፊቱ የተደረገው ነገር ጭምር ነውና።

እንግዲህ ጥያቄው ከእነዚህ ሁሉ የትኛው ይቆያል የሚለው ነው። ሞታ ዋሻ ይቆያል። ብርብርም ምእመናን አሉት። ዱቡሻው ዛፉ ከተጠበቀ፣ ሽማግሌ ከተገኘ ይቆያል። ለመጥፋት የቀረበው የቀርከሃው ቤት ነው። አንዱን ለመሥራት እጅግ ብዙ ቀርከሃ ያሻል፤ የእርሻው መሬት ለልጅ ልጅ ሲከፋፈል ግን ለቀርከሃ የሚተርፈው ቦታ ጠበበ። ጠንካራው ጎልማሳ ለሽመና ወደ አዲስ አበባ ስለሚሄድ፣ ቤቱን የሚሸምነውና የሚሸከመው እጅ አነሰ። ቆርቆሮ ደግሞ በመኪና ይመጣል፤ ምስጥም አይበላውም። አንድ አባወራ ቆርቆሮ ቤት ልሥራ ቢል ልንፈርድበት አንችልም። ዝናብና ብርድ የሚያገኘው እርሱን ነው፤ ለእንግዳ ማሳያ ሲባል በጢስ ቤት ኑር ሊባል አይገባም። በዶርዜ ዛሬ ለጎብኚ ተብለው የሚሠሩ ቤቶች አሉ፤ ገንዘብ ስለሚያስገኙ የሙያውን ዕድሜ ያራዝማሉ፤ ይህንንም አንንቅም። ነገር ግን ከብት ያላደረበት፣ እሳት ያልነደደበት ቤት ጢሱን ስለማያገኝ ቶሎ ይረግፋል።

የቅርስ አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 በ1992 ዓ.ም. ወጥቷል። ጎረቤታችን የኮንሶ ሕዝብ የእርከን ሥራውና በድንጋይ የታጠሩ መንደሮቹ በ2003 ዓ.ም.፣ የጌዴኦም መልክዐ ምድር በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ኮንሶ የተመዘገበው ግንብ ስላለው ብቻ አይደለም፤ እርከኑን በየዓመቱ የሚጠግነው ትውልድ ስላለው ጭምር ነው። በጃፓን አገርም ኢሴ የሚባል ከእንጨት የተሠራ ታላቅ ቤተ መቅደስ አለ። ይህን ቤት በየ20 ዓመቱ አፍርሰው በአጠገቡ በአሮጌው አምሳል ይሠሩታል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲሠሩት 62ኛ ጊዜ ነበር። ከእንጨቱ አንዱም ጥንታዊ አይደለም፤ ሆኖም ጃፓኖች ቤቱን ከ1,300 ዓመት በላይ የኖረ ነው ብለው ይቆጥሩታል፤ ማንም አልተከራከራቸውም። ሃያ ዓመት የተባለው አንዱ የአናጺ ትውልድ ሙያውን ለተከታዩ እንዲያስተላልፍ የሚበቃ ጊዜ መሆኑንም ይናገራሉ። በዶርዜ ስንት ሰው ቤት መሸመን ያውቃል? ዕድሜያቸውስ ስንት ነው? ከእነርሱ እየተማረ ያለ ልጅ አለን? ይህንን በመጠየቅ የሚጀመር መዝገብ ከአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት አቅም በላይ አይሆንም።

በጨንቻና በዶርዜ የሚያስተምሩ መምህራንም ከተማሪዎቻቸው ጋር ሊያደርጉት የሚችሉት ሥራ አለ። ለዚህም ከአንድ ገመድና ከአንድ ደብተር በቀር የሚያስፈልግ ነገር የለም። ተማሪው የሚኖርበትን ወይም የአያቱን ቤት ቁመትና የመግቢያውን ከፍታ ይለካል፤ ቤቱ በማን ዘመን እንደቆመ፣ ስንት ጊዜ እግሩ እንደተቆረጠ፣ ከየት ወደ የት እንደተዛወረ ባለቤቱን ይጠይቃል። ቤቱን የሠራው ሰው በሕይወት ካለ፣ መጀመሪያ ሲቆም ስንት ክንድ እንደነበረ ያውቃል። በዚያን ጊዜ ቀና ብሎ ይገባበት በነበረው በር ዛሬ ጎንበስ ብሎ የሚገባ ከሆነ፣ በሁለቱ ልኮች መካከል ያለው ልዩነት የቤቱ ዕድሜ ነው።